ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ፦ ቡና ሲወደድ ፈቃድ ፍለጋ



ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አልለጥፍም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄ ግማሹ አንድ ዓይነት ነው። «ድርጅታችን ሰሊጥና ማሾ ላኪ ነው፣ ቡና ልንጨምር ፈልገን ነበር፣ ስንት ቀን ይፈጃል?» «በጥራጥሬ ፈቃድ ቅመማ ቅመም ብንልክ ችግር አለው?» «የኛ ፈቃድ እስኪወጣ በሰው ፈቃድ ብንልክስ?» ለእያንዳንዱ መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁና አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ።

አቋሜ ይኼ ነው፦ የሥራ ዘርፍ መቀየርም ሆነ መጨመር የክረምት ሥራ ነው። ዋጋ ሲሞቅ የሚጀመር አይደለም። ለመዘግየቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቢሮ እንወቅሳለን እንጂ፣ ቢያንስ በኔ ጉዳይ ትልቁን ጊዜ የበላሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ የ2017 ዓ.ም. ነው። ጥር አልቆ የካቲት ሲገባ ኒው ዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። በኪሎ ስንመነዝረው ወደ 8 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ከዓመት በፊት በዚያው ወቅት ከ2 ዶላር በታች እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወራት አልፈውታል። ዶላር ለሚያመጣ ሰው ጊዜው ሠርግ ነበር።

የኛ ድርጅት ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሦስት ባለድርሻዎች ነን፤ እኔ፣ የባለቤቴ ወንድምና ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ። ፈቃዳችን ቅባት እህልና ጥራጥሬ መላክ ነው። ጅዳ ያለ፣ ሰሊጥ ለዓመታት የወሰደልን ደንበኛ ደወለና «ቡና ታገኝልኛለህ? ጅማ አምስት፣ ሁለት ኮንቴይነር» አለኝ። ሁለት ኮንቴይነር 640 ጆንያ ነው፣ 38.4 ቶን። በሰሊጥ በኩል ገዢ ቀዝቅዞብን ስለነበር ጥሪው ከሰማይ የወረደ መሰለኝ።

«ኤክስፖርት ያው ኤክስፖርት ነው» ብዬ እሺ አልኩ። ልምድ አለን፣ ባንክ ያውቀናል፣ ትራንዚተሩ ቤተሰብ ነው። የቀረው «ቡና» የሚል ቃል ፈቃዱ ላይ ማስገባት ብቻ ነው ብዬ በሁለት ሳምንት ቃል ሰጠሁ። ወረቀቱ ያለቀው ሰኔ ማብቂያ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ የኒው ዮርክ ዋጋ ከ3 ዶላር በታች ወርዷል፣ የጅዳው ደንበኛዬም ከሌላ ሰው ገዝቶ ጨርሷል።

አምስት ወሩ የት ገባ? በኋላ ቁጭ ብዬ ቀን በቀን ቆጠርኩት። እስቲ አብረን እንቁጠረው፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁም መንገድ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የመመሥረቻ ጽሑፋችንን አወጣን። ዓላማ የሚለው አንቀጽ «ቅባት እህልና ጥራጥሬ ወደ ውጭ መላክ» ብሎ እዚያው ይቆማል። ሌላ ቃል የለም። ድርጅቱን ስናቋቁም ከወዳጅ ተቀብለን ስም ቀይረን የፈረምነው ጽሑፍ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳችንም አንብበነው አናውቅም። ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቃችን በፊት ዓላማውን ማሻሻል ነበረብን። ለዚያ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ የተሻሻለው ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው መረጋገጥ አለባቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ የእህቴ ፊርማ አለ።

«ችግር የለም፣ ውክልናዋ እኔ ጋ ነው» አልኩ። ውክልናውን ሳነብ ምን ይላል? ንብረት ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ያከራያል፣ ባንክ ያንቀሳቅሳል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል። ማኅበር ውስጥ ገብቶ በስሟ ድምፅ ይሰጣል፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ ላይ ይፈርማል የሚል የለም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ደግሞ ተለይቶ ካልተጻፈ አይታሰብም። ለቤት ጉዳይ የተሰጠ ውክልና ለኩባንያ ጉዳይ አይሠራም ማለት ነው።

እህቴ የግድ አዲስ ውክልና መስጠት ነበረባት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ዋሽንግተን ኤምባሲ መሄድ፣ ዋናውን በፖስታ መላክ፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ ሰው ናት፤ ለአንድ ወረቀት የአንድ ቀን ደመወዝ ታጣለች። ወረቀቱ ደርሶ ስናየው የድርጅቱ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ከንግድ ምዝገባው ጋር አይገጥምም። በስልክ ያጻፍኳት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሄደች። በዚህ ብቻ ከሁለት ወር በላይ አለፈ። በስልክ «አንተ እዛ ቁጭ ብለህ አንድ ስም መጻፍ አቃተህ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ቀጥሎ የብቃት ማረጋገጫ መጣ። ቡና እንደ ማንኛውም ሸቀጥ አይደለም፤ የራሱ አዋጅ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 1051/2009፣ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፣ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን። ላኪ ለመሆን መጀመሪያ ብቃትህ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው የንግድ ሥራ ፈቃድ። መጋዘን አለን ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የመጋዘኑ ኪራይ ውል ሲታይ በባለቤቴ ወንድም የግል ስም የተጻፈ ነው፤ ድርጅቱ የለበትም፣ በሕግ ፊትም አልተረጋገጠም። አከራዩ አዲስ ውል ከተባለ አዲስ ዋጋ ብሎ ቁጭ አለ። እሱን ማግባባት ሌላ አንድ ወር ወሰደብን፣ ጭማሪውም ቀላል አልነበረም።

የምዝገባው ማሻሻያ ራሱ፣ ሁላችን የምንፈራው ያ ክፍል፣ ሰነዱ ከተሟላ በኋላ የፈጀው ቀናት ነው። ማመልከቻውም በኦንላይን ነው የሚገባው። አምስት ወር ሙሉ ቢሮ ቢሮ እያልኩ ስማረር ቢሮው የሚጠብቀው እኔን ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ፣ በሰው ፈቃድ ስለመላክ።

በዚያው የካቲት አንድ የማውቀው ቡና ላኪ «በኪሎ የተወሰነ ብር ትሰጠኛለህ፣ በኔ ፈቃድ ላከው፣ ማን ያውቃል» አለኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉዳዩን ሳዋያቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

«ዶላሩ የማን አካውንት ይገባል?»

«የሱ ነዋ፣ ፈቃዱ የሱ ነው።»

«እንግዲያው ቡናውም የሱ ነው፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ተውኩት። አብሮኝ ጥያቄው የቀረበለት ጓደኛዬ ግን ገባበት። ኮንቴይነሩ ወጣ፣ ገንዘቡም በሰዓቱ መጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በወቅቱ መመሪያ ላኪ ከሚያመጣው ዶላር ግማሹን በራሱ ሒሳብ ይዞ መቆየት ይችላል። «ላኪው» ማነው? በወረቀት ባለፈቃዱ ነው። ባለፈቃዱ ያንን ግማሽ ለራሱ ገቢ ዕቃ አዋለውና ጓደኛዬን በብር፣ በቁርጥራጭ፣ በወራት ልዩነት ከፈለው። ምንዛሪው ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ትርፍ የተባለው የለም፣ ከዋናውም ጎድሏል። ይክሰስ ትሉ ይሆናል። ሕግ የከለከለውን ውል ይዞ ምን ብሎ ይከሳል? የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ፣ 980/2008፣ ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትንና ማከራየትን ይከለክላል፤ ያለ ፈቃድ መነገድም የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እስራት የሚያመጣ ወንጀል ነው። ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። ስለዚህ የተበላው ዝም ብሎ ይበላል።

ሌላም የሚጠፋ አለ። የላኪነት ታሪክ የሚመዘገበው በባለፈቃዱ ስም ነው። በቀጣዩ ዓመት ባንክ ሄደህ የኤክስፖርት ብድር ስትጠይቅ የላክኸው ቡና ያንተ ስለመሆኑ የምታሳየው ወረቀት የለህም። ደክመህ የሌላ ሰው ስም ገንብተህ ትመለሳለህ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ከጥያቄዎቻችሁ የማየው ትልቁ መደናገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረግ ነው። በመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ የተጻፈው ዓላማ አንድ ነገር ነው። በንግድ ምዝገባ ላይ የሰፈረው ሌላ ነው። የንግድ ሥራ ፈቃዱ ከነመደብ ቁጥሩ ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንድ የማውቀው ድርጅት የመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ከቡና እስከ ሆቴል፣ ከማዕድን እስከ ትምህርት ቤት ደርድሯል። ባለቤቱ «ሁሉንም መሥራት እችላለሁ» ይላል። አይችልም። ዓላማው ሰፊ መሆኑ በኋላ ማሻሻያ እንዳያስፈልገው ይረዳዋል፣ ያ ጥሩ ነው። ፈቃድ ያልወጣበትን መደብ ግን መነገድ አይችልም። የጥራጥሬ ፈቃድ ይዞ ቅመማ ቅመም ለመላክ የጠየቃችሁኝም መልሱ ይኸው ነው፦ የፈቃዳችሁን መደብ ቁጥርና መግለጫ አንብቡ፣ ምርቱ እዚያ ውስጥ ከሌለ አዲስ መደብ አውጡ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት።

1. የምትፈልጉትን ሥራ መደብ ቁጥር አግኙ፤ ከየትኛው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው፣ ዝርዝር መስፈርቱም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

2. የመመሥረቻ ጽሑፉን አውጡና ዓላማውን አንብቡ። አዲሱ ሥራ ውስጡ ካለ አንድ ትልቅ ደረጃ ዘለላችሁ። ከሌለ በንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ እና በራሳችሁ ጽሑፍ የተጠየቀውን ድምፅ አሟልታችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ። አክሲዮን ማኅበር ከሆናችሁ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪና ምልዓተ ጉባኤ ስላለ ጊዜውን አስቡበት።

3. ውጭ ያለ ባለድርሻ ካላችሁ ውክልናውን ዛሬውኑ አንብቡት። የማኅበር ጉዳይ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ፣ ቃለ ጉባኤ መፈረም በግልጽ ተጽፏል? የድርጅቱ ስም ፊደል በፊደል ከምዝገባው ጋር ይገጥማል?

4. የንግድ ስማችሁን እዩ። ስሙ ራሱ «ቅባት እህል ላኪ» የሚል ከሆነና ሥራችሁ ቡና ሊሆን ከሆነ የስሙ ጉዳይም አብሮ ይነሳል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. የተረጋገጠውን ሰነድ ይዛችሁ ምዝገባውን አሻሽሉ፣ ብቃቱን አረጋግጡ፣ ፈቃዱን አውጡ።

6. ፈቃድ ወጣ ብላችሁ አትቀመጡ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ ያው ነው፣ ግን ግብር ሰብሳቢው አዲሱን ዘርፍ ማወቅ አለበት። ባንኩም ፋይላችሁን ማደስ አለበት። እኔ ፈቃዱን ይዤ ባንክ ስሄድ ፋይላችን ላይ ያለው አሮጌው የመመሥረቻ ጽሑፍ ነበር፤ እሱን ለማስተካከልም ሌላ ሳምንት ሄደ።

7. የድሮውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ከተዋችሁት ፈቃዱን በሕጉ መሠረት መልሱ። ሳታድሱ ሳትመልሱ መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁት ፈቃድ ሌላ ጊዜ ቅጣት ይዞ ይመጣል።

ለገበሬ ዩኒየኖች አንድ ቃል። የእናንተ መንገድ ከኛ ይለያል። የምትተዳደሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ነው፤ የምታሻሽሉት መተዳደሪያ ደንባችሁን ነው፣ የሚያሻሽለውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ የሚመዘግበውም እናንተን የመዘገበው አካል ነው። ይህ ማለት ሥራ አስኪያጁ የፈለገ ቢጣደፍ ጉባኤው ካልተሰበሰበ አይሆንም። አባላቱን ከየቀበሌው ማሰባሰብ በራሱ ወጪና ጊዜ ነው። በእህል የተቋቋመ ዩኒየን ማር ወይም ቡና ለመጨመር ካሰበ ሐሳቡ በዓመታዊው ጉባኤ አጀንዳ ላይ መግባት አለበት። ያ ጉባኤ ካለፈ ያ የምርት ዘመን አለፈ። የሚጎዳው ደግሞ ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ ደላላ የሚጠብቀው አባል ነው።

«ታዲያ መንግሥት ምንም ጥፋት የለበትም?» የምትሉኝ አትጠፉም። አለበት። እኔ ያስረከብኩትን አንድ ዓይነት የመመሥረቻ ጽሑፍ ቅጂ በተለያየ ጠረጴዛ ደጋግሜ ማስረከብ ነበረብኝ። ምዝገባው በኦንላይን ከሆነ፣ ባንኩም ገቢዎችም ብቃት ሰጪውም ያንኑ መዝገብ ከፍተው ማየት የማይችሉበት ምክንያት አይገባኝም። ሰሊጥ የሚልክ ድርጅት ማሾ ሲጨምርና ሆቴል ሲጨምር እኩል ውጣ ውረድ ሊሆን አይገባም፤ ተቀራራቢ ምርቶች ቀለል ባለ መንገድ ቢስተናገዱ ሁላችንም እናተርፋለን።

የብቃት ማረጋገጫው ይቅር ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ከ2016 በፊት የነበረውን አንርሳ። ቡናን በኪሳራ ልኮ ዶላሩን ለገቢ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ገበያውን እንዴት እንዳበላሸው እዚህ ያላችሁ የድሮ ላኪዎች ታውቁታላችሁ። ቡና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከገበሬው በማይሆን ዋጋ ይገዛል፣ ለውጭ ገዢ በማይሆን ዋጋ ይሸጣል፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የሁላችንም ነው። በር ላይ «መጋዘንህን አሳየኝ» መባሉ እኔን አምስት ወር ቢያስጠብቀኝም ትክክል ነው። መጋዘኑ በድርጅቱ ስም አለመሆኑ የኔ ዝርክርክነት ነው።

ደግሞ ውድድሩ እየመጣ ነው። በ2016 በወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለውጭ ባለሀብት ዝግ የነበረው የጥሬ ቡና፣ የቅባት እህልና የጥራጥሬ ወጪ ንግድ በመስፈርት ተከፍቷል። እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ጠበቃቸውን ይዘው፣ ሰነዳቸውን አሟልተው ነው። እኛ የመመሥረቻ ጽሑፋችን የት እንደተቀመጠ እንኳ ሳናውቅ ከነሱ ጋር ልንወዳደር ነው?

ለዚህ ነው ክረምት የምላችሁ። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል፣ የፈቃድ እድሳት እስከ ታኅሣሥ 30 ይዘልቃል። አብዛኛው ነጋዴ ታኅሣሥ ላይ ይጋፋል፣ ያኔ ደግሞ የቡናው ለቀማና የሰሊጡ ግዢ ላይ ነን። ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ባለድርሻውም ስልክ ያነሳል። የመመሥረቻ ጽሑፉን ያኔ አውጥታችሁ አንብቡ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ምን ልትሠሩ እንደምትችሉ ተነጋገሩና ዓላማውን አንድ ጊዜ በደንብ አስተካክሉት፣ የምር የምትሠሩትን መደብ ብቻ ፈቃድ አውጡበት።

የቡና ዋጋ ያኔ ወረደ፣ ከጥቂት ወር በኋላ መልሶ ወጣ፣ ነገም ይወርዳል ይወጣል። እሱን እዚህ በየቀኑ አብረን እናያለን። እኛ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ወረቀታችን እጃችን ላይ ነበር፤ ትንሽም ቢሆን ላክን፣ ዶላሩም በራሳችን አካውንት ገባ። ጋሼ የባንክ ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም፣ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።

እህቴም አዲሱን ውክልና ኮፒ አድርጋ አስቀምጣለች። «ሦስተኛ ጊዜ አልሄድም» ብላለች።

የገጠማችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ ከዩኒየን ወገን ያላችሁ፣ ደንብ ማሻሻሉ በናንተ አካባቢ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ብታካፍሉን ለሌላው ይጠቅማል። ነገ በተለመደው ሰዓት ከዋጋው ጋር እንገናኛለን።

መልካም ገበያ።